ግማሹ ሰው፣ ግማሹ መስመር የሆነን ሥዕል ስለ ማንበብ

የሰው መልክና ረቂቅ ቅርጽ፣ ማለትም የየትኛውንም ነገር መልክ የማይዝ ቅርጽ፣ በአንድ ወረቀት ላይ በተገናኙበት ሥዕል ፊት ስንቆም ዓይናችን ወዲያው ወደ ሰው ይሮጣል። ፊት ካለ ፊቱን፣ እጅ ካለ እጁን እንይዝና የቀረውን ሁሉ፣ ማለትም መስመሩን፣ የፈሰሰውን ቀለም፣ የተለጠፈውን ወረቀትና የጠቆረውን ስፍራ፣ ለዚያ ሰው ማጀቢያ አድርገን ታሪክ ማቀናበር እንጀምራለን። እንዲህ ያለው ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከሥዕሉ ይልቅ ከእኛ ከራሳችን የሚመነጭ ነው። እኔ በቤቴ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ አንድ ሥዕል ጋር በቆየሁበት ጊዜ የተረዳሁት ነገር ቢኖር ከታሪኩ በፊት አሠራሩን ማንበብ እንደሚበጅ ነው። የትኛው ቁስ ቀድሞ ወረቀቱን ነካ? የትኛውስ ተከተለ? የተሣለው ሰው ሰውነቱ አልቆ ወደ መስመር የሚለወጠው በትክክል የት ላይ ነው? እነዚህን የመለሰ ተመልካች ትርጉም ፍለጋ ሲወጣ ባዶ እጁን አይወጣም።

የምኖረው በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ነው። መተዳደሪያዬ መምህርነት ሲሆን የማስተምረውም አማርኛ እንጂ ሥዕል አይደለም። ሥዕሉን የሠራችው ወጣት በእኛው ብሎክ ምድር ላይ ካሉት ክፍሎች አንዷን ተከራይታ ትሠራለች፤ ዋጋውንም ከደመወዜ በየወሩ እየቆነጠርኩ ነው የከፈልኳት። ይህን የማነሣው እንዲህ ያለ ሥራ ለመግዛትም ሆነ ለመመርመር የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ደጃፍ መርገጥ ግድ እንዳልሆነ ለመናገር ነው።

ሥዕሉን ላላየ ሰው ልግለጸው። ወረቀቱ ወፍራምና ነጭ ነው፤ ወደ ላይ ረዘም ይላል። መካከሉ ላይ በከሰል የተሣለች፣ ነጠላ የለበሰች፣ በዕድሜ ገፋ ያለች ሴት ተቀምጣለች። ፊቷ በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ ከዓይኗ ጥግ የሚነሡት ሽብሽቦች ሳይቀሩ ይታያሉ። ቀኝ እጇም እንዲሁ፤ ጭኗ ላይ መዳፉ ተከፍቶ፣ ጣቶቹ ተዘርግተው ተቀምጧል። ግራ ክንዷ ግን ከትከሻው ወደ ላይ ተነሥቶ ገና ክርኑ ጋ ሳይደርስ በጥቁር ቀለም በተሠመሩ ወፋፍራም ቋሚና አግዳሚ መስመሮች ውስጥ ይጠፋል። ከጉልበቷ በታች ያለው አካልና የተቀመጠችበት ነገርም ወደነዚሁ መስመሮች ይቀልጣል። በእኛ በኩል በስተቀኝ፣ ከላይ፣ የተቀደደ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ተለጥፏል። ከዚያ ወረቀት ላይ አንድ እውነተኛ የጥጥ ክር ተነሥቶ በመርፌ እየተወጋ ቀጥ ብሎ ይወርድና ከታች በጣት ታሽቶ በተሠራ፣ ዳር ዳሩ በማይለይ ጥቁር ነገር ላይ ያበቃል። ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ በቡና የቀሉ ሰፋፊ ቦታዎች አሉ።

የሰፈራችንን አቀማመጥ የሚያውቅ እንግዳ ይህን ሲያይ ትርጉሙ በአንድ አፍታ ይገለጽለታል። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ መግቢያ እዚሁ አጠገባችን ነው። ከሕንፃዎቹ ጀርባ መረሬ መሬት ላይ ጤፍና ሽምብራ ይዘራል፤ ከዚያ ወዲያ የረር ተራራ ይታያል። በአጣና የታሰረ መወጣጫ ያልተደገፈ ግንባታ ማየት ብርቅ ነው። ስለዚህ እንግዶቼ አብዛኞቹ «ከተማው የዋጣት ገበሬ ናት» ይሉኛል። የተዘረጋውን መዳፍ አይተው «ኧረ እንዲያውም ለምና አዳሪ ሆናለች» የሚሉም አሉ። ትርጉሙ ክፉ አይደለም፤ ሐዘኑም ከእውነት የራቀ አይደለም። ችግሩ ግን ይህንኑ ታሪክ ሥዕሉን ሳያዩ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ ብቻ ተመልክተውም ሊናገሩት ይችሉ የነበረ መሆኑ ነው።

እኔ የያዝኩት መንገድ ሌላ ነበር። አንድ ምሽት የሳሎኑን መብራት አጠፋሁና የስልኬን ባትሪ ከወረቀቱ ጎን አድርጌ፣ ብርሃኑ በገጹ ላይ ተኝቶ እንዲያልፍ አበራሁት። ፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን ሁሉን ነገር እኩል ያደርገዋል፤ ከጎን የሚመጣ ብርሃን ግን ከፍ ያለውንና ዝቅ ያለውን ለይቶ ያወጣል። የተለጠፈው ወረቀት ጠርዝ ጥላ ጣለ። ከሥሩ ደግሞ ጥቁሮቹ መስመሮች እንደ ጅማት ጎላ ብለው ሲያልፉ ታዩ፤ ይህም መስመሮቹ ከመለጠፉ በፊት የነበሩ መሆናቸውን ያስረዳል። ቀጥዬ በማጉያ መነጽር የተቀደደውን ጠርዝ አየሁት። ወረቀት በመቀስ ሲቆረጥ ጠርዙ ይስተካከላል፤ በእጅ ሲቀደድ ግን ጭረቱ ይበተናል። በዚህ በተበተነው ጭረት መካከል የከሰል ብናኝ ተሰግስጎ ነበር፤ ስለዚህ ከሰሉ የመጣው ከመለጠፉ በኋላ ነው። የቡናው ቀለም በጥቁሮቹ መስመሮች ዳር ዳር ተጠራቅሞ ደርቋል፤ ቡና በወረቀት ላይ ሲደርቅ እንደሚያደርገው ሁሉ የኩሬው ዳር ከመካከሉ ይልቅ ጠቁሯል። መስመሮቹ ግን ቡናው ሲነካቸው አልፈሰሱም። ደርቀውና ውኃ የማይፈታቸው ሆነው ጠብቀውታል ማለት ነው። የጥጥ ክሩ ደግሞ በከሰሉ መካከል አልፎም ንጹሕ ነጭ ነው፤ ከሰሉ ሲሠራ በቦታው ቢሆን ኖሮ በጠቆረ ነበር። ስለዚህ ክሩ የመጨረሻው ነው።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ጥቁሩ መስመር፣ ከዚያ ቡናው፣ ከዚያ የሲሚንቶው ወረቀት፣ ከዚያ ሴትዮዋ፣ በመጨረሻ ክሩ።

ይህ ለምን ይጠቅማል ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው። «ከተማው ዋጣት» የሚለው ትርጉም ሴትዮዋ ቀድማ ተሥላ መስመሩ በላይዋ ላይ እንዲወርድባት ይፈልጋል። በወረቀቱ ላይ ያለው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ መስመሩ ቀድሞ ቆሟል፣ እሷ በላዩ ላይ መጥታለች። የነጠላዋ ነጭነትም ቀለም አይደለም። ከሰሉ ከተቀባ በኋላ በላጲስ ተፍቆ የወጣ የወረቀቱ የራሱ ንጣት ነው፤ ለዚህም ነው ጥቁሩ መስመር በነጠላው ውስጥ ሳስቶ የሚታየው። ሠዓሊዋ ሴትዮዋን ለማጥፋት ሳይሆን ከጥቁረት ውስጥ ለማውጣት ነው ላጲስ ያነሣችው። እርግጥ ነው፣ የአሠራር ቅደም ተከተል ብቻውን ትርጉም አይሆንም። ሠዓሊ ምስሉን አስቀድሞ በሐሳቡ ሊይዘውና በመጨረሻ ሊሥለው ይችላል። ነገር ግን ሁለት ትርጉሞች ሲፎካከሩ የወረቀቱ ምስክርነት ለየትኛው እንደሚያደላ ማወቅ ያስችላል፤ በእኔ አስተያየት ከዚህ የበለጠ አስተማማኝ መነሻ የለም።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር ከእኔ የመጣ አይደለም። ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት ቡና ሊጠጡ መጥተው ሥዕሉን ቆመው አዩትና «ይቺማ ፈታይ ናት» አሉ። እንዴት እንዳወቁ ስጠይቃቸው «እጇን አታየውም እንዴ ልጄ? ጭኗ ላይ አሹራ ለቀቀችው እኮ» ብለው የራሳቸውን መዳፍ ጭናቸው ላይ አንሸራተው አሳዩኝ። እንዝርት የሚያሾር ሰው ዘንጉን በመዳፉና በጭኑ መካከል አንከባሎ ሲለቀው ጣቶቹ ለአፍታ እንደተዘረጉ ይቀራሉ። እንግዶቼ የልመና ያሉት መዳፍ እንዝርቱን ገና የለቀቀ መዳፍ ነበር። ቀጥለውም «ግን አመልማሎው የታል?» አሉ። ግራ እጅ አመልማሎውን፣ ማለትም ለመፈተል የተዘጋጀውን ጥጥ፣ ወደ ላይ ይዞ ካልሳበ ፈትል የለም። ግራ እጇ ደግሞ በሥዕሉ ውስጥ የለም።

በሌላ ቀን በግንባታ ሥራ የሚተዳደር ጎረቤቴ የበሩን ቁልፍ ሊያስተካክልልኝ መጥቶ ሥዕሉን አየ። ሴትዮዋን ብዙም ልብ አላላት፤ ጣቱን የቀሰረው ወደ ክሩ ነው። «መምህር፣ ይህ ቱንቢ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ክሩ ቀጥ ብሏል፣ ከታች ክብደት አለ፣ ከጎኑ አጣና ቆሟል። ግድግዳው መቆሙን እያዩ ነው» አለኝ። መስመሮቹ የሚገናኙባቸውን ቦታዎችም አሳየኝ። ከዚያ በፊት ቀለም የተረጨ የመሰሉኝ ትንንሽ ጠመዝማዛ ጭረቶች በሽቦ የታሰረ የአጣና ቋጠሮን ተከትለው የተሠመሩ ናቸው። ሁለት አጣና ሲገናኝ ሽቦው በሰያፍ ተጠምዝዞ ጫፉ ወደ ውጭ ይቀራል፤ በሥዕሉም ላይ በመቃ ብዕር ጫፍ የተጫረው ነገር ያንኑ ያደርጋል።

አሁን ጥያቄው «እንዝርት ነው ወይስ ቱንቢ?» የሚል ይመስላል። እኔ ይህን ጥያቄ መመለስ አልፈለግሁም፤ ሥዕሉም እንዲመለስ የሚፈልግ አይመስለኝም። እጁን ተመልከቱ፤ ዙሪያው በጥርት ያለ መስመር የተከበበ ነው፣ ጥፍሩ ሳይቀር ይቆጠራል። የተንጠለጠለው ነገር ግን ዙሪያ የለውም፤ ከሰሉ በጣት ታሽቶ ሆን ተብሎ ደብዝዟል። ጥፍር ለመሣል የታገሠች ሠዓሊ እንዝርት ለመሣል ትዕግሥት አጥታለች ማለት አይቻልም። ዝርዝሩን ያስቀረችው ቅርጹ ለአንዱ ወገን ብቻ እንዳይሰጥ ነው። ምስልና ረቂቅነት በአንድ ሥዕል ውስጥ ለምን ይቀላቀላሉ ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ፈታዩዋና ግንበኛው በአንድ ክር ላይ ሊገናኙ የቻሉት ያ ነገር መልኩ ስላልተጨረሰ ነው። በፎቶግራፍ ጥራት ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ አንዳቸው ከቤቴ ባዶ እጃቸውን በወጡ ነበር።

ከዚያ በኋላ የእናትየውን ጥያቄ ይዤ ወደ ወረቀቱ ተመለስኩ። አመልማሎው የታል? ክንዱን ከትከሻው ጀምሬ ወደ ላይ ብከተለው፣ እጁ ሊኖር ይገባ የነበረበት ስፍራ የተቀደደው የሲሚንቶ ወረቀት የተለጠፈበት ነው። ክሩም የሚነሣው ከእሱ ነው። ጥጡ ሊኖር በሚገባበት ቦታ ሲሚንቶ የተያዘበት ወረቀት አለ፤ ፈትሉ ከዚያ ይሳባል። ሠዓሊዋ ወረቀቱን በመቀስ ያልቆረጠችው ለምን እንደሆነ የገባኝም ያን ጊዜ ነው፤ የተበተነው ጭረት ከሩቅ ሲታይ ጥጥ ይመስላል። እንግዲህ ይህ ሥዕል ስለ ምን ነው ብባል፣ ከመጣባት ነገር ፈትል ስለምታወጣ ሴት ነው እላለሁ። ሐዘን የለበትም አልልም፤ ፊቷ ደስተኛ አይደለም። ተሸናፊ አድርጎ የሚያሳያትን ነገር ግን በወረቀቱ ላይ ፈልጌ አጥቼዋለሁ።

በኮላዥ፣ ማለትም ወረቀትና ሌላ ቁስ በሥዕል ላይ በመለጠፍ አሠራር፣ ላይ ጥቂት ልጨምር። ሠዓሊዎቹ ብራክና ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1912 ወረቀት በሥዕል ላይ መለጠፍ ከጀመሩ ወዲህ የተለጠፈ ነገር ሁለት ሕይወት አለው። በአንድ በኩል ቅርጽና ቀለም ነው፤ በሌላ በኩል ከውጭው ዓለም የመጣ፣ የራሱ ታሪክ ያለው ዕቃ ነው። ስለዚህ የተለጠፈ ነገር ሲያጋጥማችሁ «ምን ይመስላል?» ብቻ ሳይሆን «ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። በእኔው ሥዕል ላይ ከከረጢቱ ጽሑፍ የቀረው 50 የሚለው አኃዝና የተቆረጠ ፊደል ነው፤ እሱም ተገልብጦ ተለጥፏል። ፊደሉ እንዲነበብ ቢፈለግ ኖሮ ባልተገለበጠ ነበር፤ ስለዚህ ቃል ልሠራበት አልሞከርኩም። አኃዙ ግን የከረጢቱን ክብደት በኪሎ የሚናገር ነው፤ ያ ክብደት ወደ ላይ በተነሣ ክንድ ጫፍ ላይ መቀመጡን ልብ ማለት ይበቃል።

በፍለጋ ብዛት የሌለ ነገር ማየትም አለ። በቡናው ቀለም ዳር፣ ከሴትዮዋ ጀርባ፣ የወንድ የጎን መልክ የሚመስል ነገር አለ። ዲያቆን የሆነ የቀድሞ ተማሪዬ ይህን አይቶ በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ዘንድ የታወቀውን ሥርዓት አነሣልኝ፤ ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ሲሣሉ፣ ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ሴትዮዋ ሁለት ዓይን አላት፤ ከኋላዋ ያለው አንድ ዓይን ነው። ሐሳቡ የሚማርክ ነው፤ ደግሞም ይህ ሥርዓት በእኛ አገር ተመልካች ዓይን ውስጥ ሕያው ስለሆነ ጨርሶ የሚናቅ አይደለም። እንዲህ ያለውን ነገር የምመዝነው ግን በአንድ ጥያቄ ነው፤ ሠዓሊው ለዚህ አጋጣሚ መልስ ሰጥቷል? ቀለም ሲፈስ ራሱ ፊት ሊሠራ ይችላል። በአጋጣሚው ላይ አንድ የእጅ ምልክት ከታከለበት ግን ሠዓሊው አይቶታል፣ ተቀብሎታልም ማለት ነው። በመነጽር ሳየው በአፍንጫው ቀዳዳ ቦታ ላይ አንዲት የከሰል ነጥብ ተጨምራለች። ስለዚህ ፊቱ አለ። ዓይኑ ግን አልተሠራም፤ ቦታው የቡናው ነጠብጣብ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ከኋላዋ ሰው አለ እስከ ማለት ሄጃለሁ፤ ክፉ ነው እስከ ማለት ግን አልሄድኩም።

ሠዓሊዋን ብዙ ሰዎች የሚጠይቋትን «ምን ለማለት ፈልገሽ ነው?» የሚለውን ጥያቄ አልጠየቅኋትም። እንዲህ ሲጠየቅ ሠዓሊ ወይ ይሸማቀቃል፣ ወይ ከሥዕሉ የሚያንስ መልስ ይሰጣል። የጠየቅኋት ስለ አሠራሯ ነው፤ እሱን ስትናገር ግን አታቋርጥም። ቡናውን ከምን እንደምታዘጋጅ ስጠይቃት «አቦሉ ይጠቁርብኛል መምህር፤ በረካውን ነው የምጠቀመው፤ ደጋግሜ ስቀባው ወረቀቱን ሳይጋርድ ያቀላልኛል» አለችኝ። መስመሮቹ ቀድመው እንደተሠሩም ከአፏ ሰማሁ፤ በጎን ብርሃን ያነበብኩት ተረጋገጠልኝ። ስለ እንዝርቱና ስለ ቱንቢው ስነግራት ሳቀችና «ገልብጠው አይተውታል?» አለችኝ። ሥዕሉን ገልብጦ ማየት ሠዓሊዎች በሥራ ላይ ሳሉ የሚጠቀሙበት ልማድ ነው። ፊት ሲገለበጥ ፊት መሆኑን ለጊዜው ስለሚያጣ ዓይን ክብደትንና ሚዛንን ብቻ ማየት ይጀምራል። ፎቶውን በስልኬ ገልብጬ ሳየው ከሁሉ በላይ የሚከብደው ፊቱ ሳይሆን ያ የደበዘዘ ጥቁር ነገር ሆኖ ተገኘ። መላው ሥዕል የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው።

በዚያው ስልክ ሌላ ነገር ማድረግም ይቻላል። ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጡት፤ ቀለም ሲጠፋ የብርሃንና የጥላው ክፍፍል ይገለጣል። ወይም በወረቀት ቁራጭ አንዱን ክፍል ሸፍኑና የቀረው ቆሞ እንደሆነ እዩ። እኔ ፊቷን ስሸፍነው ሥዕሉ አልፈረሰም። ክሩን ስሸፍነው ግን ሴትዮዋ በአንድ በኩል፣ መስመሮቹ በሌላ በኩል ተለያይተው ቀሩ። ሁለቱን ዓለማት አንድ ያደረገው ክሩ መሆኑን በዚህ ማረጋገጥ ይቻላል።

ዓይንን ለማሠልጠን ሌሎች ሥራዎችን በአካል ማየት የግድ ነው። ከእኛ ሰፈር ስድስት ኪሎ ድረስ መሄድ ታክሲ እያቀያየሩ ቀን የሚፈጅ ጉዞ ቢሆንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም ይገባዋል። ገብረ ክርስቶስ (እ.ኤ.አ. 1932–1981) ረቂቅ ሥዕልን በአገራችን ካስተዋወቁት ቀዳሚዎቹ አንዱ ሲሆን በዚያው ላይ ገጣሚ ነበር። ስክንድር ቦጎሲያን (እ.ኤ.አ. 1937–2003) ቁርጥራጭ ወረቀትና የፍየል ቆዳ ሳይቀር ተጠቅሟል። ዘሪሁን የትምጌታ በቀርከሃ ፍልጥ ላይ ሣለ፤ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ፊደላችንን ከንባብ አውጥቶ ወደ ቅርጽነት ወሰደው፤ ኤልያስ ስሜ በክርና በአዝራር፣ በኋላም በኤሌክትሮኒክስ ሽቦ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ ደግሞ የሕንፃ ንድፎችን፣ የቀለም ጭረቶችንና ግልጽ አክሪሊክን በንብርብር እየደረበች ትሠራለች። የእሷን ሥራዎች በምስል ብቻ ያየ ሰው እንኳ «የትኛው ከታች ነው?» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ይረዳል። እነዚህን ማየት የሚጠቅመው ለማመሳሰል አይደለም። አንዱ ቁስ በተለያዩ እጆች ምን ምን ሊሆን እንደሚችል ስለሚያሳይ ነው።

ስለ ርዕስ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ይህ ሥዕል ርዕስ የለውም፤ እኔም በዚህ ደስተኛ ነኝ። በየአውደ ርዕዩ «ተስፋ»፣ «ናፍቆት»፣ «ጉዞ» የሚሉ ካርዶች ከሥዕሎቹ ሥር ተለጥፈው ሳይ ሰዎች ካርዱን አንብበው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ሥዕሉን ሳያዩ ሲያልፉ እታዘባለሁ። ርዕስ ካለ መጨረሻ ላይ አንብቡት። «ሁሉም የየራሱን ያያል» የሚለው የተለመደ አባባልም ጨዋታን በትሕትና ከመዝጋት በቀር ብዙ ፋይዳ የለውም። የላይኛዋ እናትና ግንበኛው ያዩት የየራሳቸውን ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔ ወረቀቱ ላይ ተመልሼ ላገኘው ባልቻልኩ ነበር። ሁለቱም ጣታቸውን የቀሰሩበት ነገር እዚያው አለ፤ የልመናው መዳፍ ግን ሲመረመር አልቆመም።

እንዲህ ያለ ሥራ በቤታችሁ ካለ አያያዙ ከንባቡ የሚለይ ጉዳይ አይደለም። ከሰል በወረቀቱ ሻካራ ገጽ ላይ የተያዘ ብናኝ ስለሆነ የማስያዣ ርጭት ቢነፋበትም በቀላሉ ይነሣል፤ መስታወቱ ሊነካው አይገባም፣ በመካከል የካርቶን ክፈፍ ገብቶ ክፍተት ሊኖር ይገባል። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት በብርሃን ብዛት መልኩ ይለወጣል፤ የቡና ቀለምም እንደ ፋብሪካ ቀለም አስተማማኝ አይደለም፤ ስለዚህ የጧት ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ፊት ለፊት አትስቀሉት። ስትገዙ ሠዓሊውን ቁሶቹንና ቅደም ተከተላቸውን በወረቀት ላይ እንዲጽፍላችሁ ለምኑት። ፍሬም ሠሪዎች ደግሞ ጠርዙ ያልተስተካከለ ወረቀት ሲያዩ ለማስተካከል እጃቸው ይፈጥናል። የእኔን ሥዕል የወሰድኩለት ሰውም በግራ ጠርዝ ያሉትን ወደ ጎን የፈሰሱ የቀለም ነጠብጣቦች ቆሻሻ መስለውት ሊቆርጣቸው መቀሱን አንሥቶ ነበር። ቀለም ወደ ጎን አይፈስም። እነዚያ ነጠብጣቦች ጥቁሮቹ መስመሮች ሲሠመሩ ወረቀቱ በጎኑ ቆሞ እንደነበር፣ ማለትም ዛሬ ቋሚ ሆነው የምናያቸው አጣናዎች በተሠሩበት ሰዓት አግዳሚ እንደነበሩ የሚናገሩ ብቸኛ ምስክሮች ናቸው። ስለዚህ ክፈፉ ከወረቀቱ ጠርዝ ውጭ እንዲያርፍ፣ ወረቀቱም ከነጠርዙ እንዲታይ ነግሬው፣ እስኪጨርስ ድረስ እዚያው ቆሜ ጠበቅሁት።